ቀጠሮው እስኪደርስ፦ የሳንባ ቀዶ ጥገና ስለሚጠብቅ ወላጅና ስለ አስታማሚ ልጅ



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር በአደባባይ ከቶ የማይነሣ፣ በየቤቱ ግን ሌሊት ሌሊት በሹክሹክታ የሚነገር ነው፤ ይኸውም አባት ወይም እናት በሳንባቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ሐኪሞች መክረው «በቀዶ ጥገና ይወጣል» ካሉና ቀን ከቈረጡላቸው በኋላ፣ ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ ልጆች ምን ሊያደርጉላቸው ይገባል የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ በሽታው የሚያስተምር አይታጣም፤ ስለ መጠበቂያው ጊዜ ግን የሚናገር እምብዛም የለም፤ ሰው ሁሉ ያንን ጊዜ በእንባና በስለት የሚሞላ ባዶ ጊዜ አድርጎ ይቈጥረዋልና። እኔ ግን በዚህ በሮቤ ለተሰበሰባችሁት፣ ከጎባም ከሲናናም ከዲንሾም ለመጣችሁት ሁሉ የምለው፣ ያ ጊዜ ራሱ ከሕክምናው አንዱ ክፍል እንደ ሆነና የዚያም ክፍል ባለቤት በሽተኛው እንጂ ልጆቹ እንዳልሆኑ ነው። ልጅ አስታማሚ ነው፤ ባለ ጕዳዩ ወላጅ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቀጠሮው ራሱ ጥቂት ልበል። የሳንባ ካንሰር ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድል በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ ታመመበትና 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተበት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ገምቷል። ይህን የሰማ ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ቍጥሩ እንዲህ የከፋው በሽታው በአብዛኛው ዘግይቶ፣ ከሳንባ ወደ አጥንትና ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከተሠራጨ በኋላ ስለሚገኝ ነው። ቀዶ ጥገና የሚታዘዘው ግን ዕጢው ገና ከተነሣበት ስፍራ ብዙ ያልራቀ መሆኑ ሲታመንበት ነውና፣ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ የያዘ በሽተኛ ምንም እንኳ ቢላዋ ቢጠብቀው፣ ከብዙዎቹ ይልቅ የተሻለ ተስፋ የተሰጠው ሰው ነው። የሳንባ ካንሰር ሊቃውንት ዓለም አቀፍ ማኅበር ከብዙ አገር አሰባስቦ ባወጣው መዝገብ፣ በሽታው እጅግ በትንሽነቱ ከተገኘባቸው መካከል 5 ዓመት በሕይወት የቈዩት ከመቶ 92 ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ደረጃ መጀመሪያ ላይ ከተገኘባቸው መካከል የቈዩት ግን ከመቶ 36 ናቸው። ይህ መዝገብ ሕክምናው በተስፋፋባቸው አገሮች የተሰበሰበ ስለ ሆነ ለባሌ ሰው እንዳለ አይገለበጥም፤ ሆኖም የቀጠሮ ወረቀቱን የያዘ ልጅ ወረቀቱን እንደ መርዶ እንዳያነበው ለማስረዳት ይበቃል።

የቀዶ ጥገናውም ምሥጢር ይህ ነው። ቀኙ ሳንባ በሦስት፣ ግራው በሁለት የተከፈለ ነው፤ ሐኪሙ በብዙ ጊዜ የሚያወጣው ዕጢው ያለበትን አንዱን ክፍል ከአጠገቡ ካሉት ንፍፊቶች ጋር ነው፤ የቀሩት ክፍሎችም ቀስ በቀስ እየሰፉ የጐደለውን ስፍራ ይሞላሉ። በአገራችን ይህን መሰል የደረት ቀዶ ጥገና በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሠራል።

በእኛ ዘንድ በሽታው ዘግይቶ የሚታወቅበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚያስል ሰው ሁሉ አስቀድሞ በቲቢ መጠርጠሩ ይመስለኛል። ቲቢ በመካከላችን የሚገኝ በሽታ ስለ ሆነ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ በራጅም ላይ የሁለቱ ጥላ ይመሳሰላል። ስለዚህ አክታው ምንም ሳያሳይ የስድስት ወሩን መድኃኒት ጨርሶ ሳሉ ያልተወው፣ ይልቁንም እየከሳ የሄደና ደም መትፋት የጀመረ ሰው፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ ሲደርስ ወራት አልፈዋል። «ቀድመን ብናመጣቸው ኖሮ» የሚለው ጸጸት በልጆች መካከል የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ እርሱን ተከትሎም «አንተ ነበርህ አጠገባቸው»፣ «አንቺ ነበርሽ የቀረብሽ» የሚለው ክስ ይመጣል። ይህ ክስ አንዲት ቀን እንኳ ስለማያሳጥር፣ ከተቻለ ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ፣ ከተቻለም ለዘለዓለም፣ ቢቀር ይሻላል።

እናት የታመሙ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ «እርሳቸው ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁ፣ ይህ በሽታ ከየት መጣባቸው?» ይባላል። ትንባሆ የዚህ በሽታ ዋነኛ ምክንያት መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ብቻ መሆኑን አሳይቷልና፣ እኛ ጭሱን ከሲጋራ ውጭም መፈለግ ይገባናል። ያ ከላይ የጠቀስሁት የካንሰር ምርምር ክፍል ቤት ውስጥ የሚነድደውን የድንጋይ ከሰል ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ተርታ፣ የእንጨትንና የመሰሉን ማገዶ ጭስ ደግሞ ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ተርታ መድቦታል። በባሌ ደጋ ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ፣ እሳቱ ከቤት አይወጣም፤ እንጨትና ኩበት የሚነድድበት ምድጃ አጠገብ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናት ጭሱን ሲተነፍሱ ኖረዋል።

አሁን ወደ አንድ የቆየ ታሪክ ልውሰዳችሁ። በመጋቢት 27 ቀን 1925 ዓ.ም.፣ እኛ የመድኃኔ ዓለምን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በባርንስ ሆስፒታል፣ ኤቫርትስ ግራም የተባለ ባለ ቀዶ ጥገና ሐኪም ጄምስ ጊልሞር የተባለ የ48 ዓመት ሰው ግራ ሳንባ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጣ፤ በሽተኛውም ዳነ። ከዚያ በፊት ስለ ካንሰር ሳንባው በአንድ ጊዜ በሙሉ ወጥቶለት የዳነ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የታሰበው አንዱን ክፍል ብቻ ለማውጣት ነበር፤ ደረቱ ከተከፈተ በኋላ ግን ዕጢው ድንበሩን ተሻግሮ ስለ ተገኘ ሐኪሙ ያልተሞከረውን ለመሞከር ቈረጠ። ጊልሞር ራሱ ሐኪም፣ ያውም የማኅፀንና የወሊድ ሐኪም ስለ ነበር፣ የሚጠብቀውን ያውቅ ነበር። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን ግን የቢላዋው ታሪክ አይደለም፤ በሽታው ከታወቀ በኋላ ሰውየው ወደሚኖርበት ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ ያሳለፋቸው ጥቂት ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ሁለት ነገር አደረገ ተብሎ ይተረካል፤ ጥርሱን አስጠገነ፤ የመቃብር ቦታም ገዛ።

ከዚያ በኋላ ጊልሞር ወደ 30 ዓመት ገደማ ኖረ። ሐኪሙ ግራም ግን፣ ትንባሆና የሳንባ ካንሰር መተሳሰራቸውን ዊንደር ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ በ1942 ዓ.ም. ጽፎ ያስረዳ ሰው ሳለ፣ እርሱ ራሱ ብዙ ዘመን አጫሽ ስለ ነበር በ1949 ዓ.ም. በዚያው በሽታ ከበሽተኛው ቀድሞ ሞተ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጥርሱና የመቃብሩ በአንድ ልብ ውስጥ መገናኘት ነው። ሰውየው ሊሞት እንደሚችል አውቆ ለሞቱ ተሰናዳ፤ ሊኖር እንደሚችልም አምኖ የሚበላበትን ጥርስ አስጠገነ፤ አንዱ ሁለተኛውን አላስቀረበትም። በእኛ ቤት ግን በሽተኛው ስለ መቃብሩ ቢያነሣ «አታሟርቱ» ይባላል፤ ስለ ጥርሱ ቢያነሣ ደግሞ «አሁን ይህ ምን ያደርግላቸዋል» ተብሎ በጓሮ ይታማል።

ከጥርሱ ልጀምር፤ ለመኖር ከሚደረገው ዝግጅት ማለቴ ነው።

ወላጁ የሚያጨሱ እንደ ሆነ፣ ሲጋራም ይሁን ጋያ፣ ዛሬውኑ ይተዉ። «ከእንግዲህ ወዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚለው አነጋገር በጕልበት የሚነገር ስሕተት ነው፤ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ የተወ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሳንባ ምችና የቍስል አለመዳን እንደሚቀንስለት በብዙ ጥናት ታይቷል፤ አራት ሳምንት የማይቀረው እንኳ ቢተው ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ዳሩ ግን አርባ ዓመት ያጨሱትን አባት ልጅ ቆሞ ሊገሥጻቸው አይገባም፤ ማጨሱ የመጣው ከበሽታው በፊት ነው፣ ተግሣጹ ግን በበሽታው ላይ ሲጨመር ቅጣት ይመስላልና። ይልቅስ በቤቱ ያሉ ሌሎች አጫሾች አብረው ቢተዉ ለእርሳቸው ትልቅ እርዳታ ይሆናል። እናትንም ከጓዳው ጭስ ማውጣት ያስፈልጋል፤ «እኔ ከሌለሁ ማን ይጋግራል» ቢሉ፣ ልጆች ሁሉ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ መልሱን በሥራ ይስጡ። የቡናው ዕጣንም ቢሆን ለዚያ ሰሞን ቢቀር ይሻላል፤ ቡናው ያለ ዕጣን ይፈላል።

ቀጥሎ እስትንፋስ ነው። ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት በመሣሪያ እያስነፉ የሳንባን ዐቅም ይለካሉ፤ ልብንም ይመረምራሉ፤ ከዚህም ሌላ በሽተኛውን ደረጃ አስወጥተው የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ወደ 22 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያለ ዕረፍት በደረጃ የወጣ ሰው ቀዶ ጥገናውን የመቋቋም ዐቅሙ ጥሩ ነው ይባላል። በሮቤ እንዲህ ያለ ፎቅ ብዙ ባይኖርም፣ ዳገት አይታጣም፤ ዕድሜውን ሙሉ በዳገት የኖረ የባሌ ገበሬ ከከተሜው ይልቅ የተዘጋጀ ሳለ፣ በሽታው ከተነገረ በኋላ ግን ልጆቹ ከፍቅር የተነሣ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ ደራርበው፣ ከደጅ እንዳይወጣ ይከለክሉታል። ሰውን ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ ይህ ፍቅር ነው። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ወላጁ በየቀኑ ይራመዱ፤ አተነፋፈሳቸው ቶሎ ቶሎ እስኪል ድረስ፣ ነገር ግን መናገር እስኪያቅታቸው ሳይሆን፣ ይራመዱ፤ ልጅም አብሮ ይራመድ። በቀን ውስጥ ጊዜ እየለዩ አየር እስከ ደረታቸው ሥር በጥልቅ ስበው፣ ጥቂት ይዘው፣ ቀስ አድርገው መልቀቅን ይለማመዱ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሕመም እያለ ማሳልና አክታ ማውጣት ግድ ስለሚሆን፣ ጋቢን ወይም ትራስን አጥፎ በጎን ላይ አጥብቆ ይዞ ማሳልን አስቀድሞ በቤት መማር ይበጃል፤ ደረታቸው ላይ ቱቦ ተደርጎ የሚነቁ መሆናቸውንም አስቀድመው ይስሙት፤ ያልተነገረው ሰው ሲነቃ ቱቦውን አይቶ አንዳች ነገር የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለ ምግብ ባሌ አትታማም። የከሳ ሰው ቍስሉ በቶሎ አይድንምና፣ በመጠበቂያው ጊዜ ሥጋ፣ እንቍላል፣ ወተትና እርጎ፣ ባቄላና አተር፣ የገብስ ገንፎና ጭኮ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይቅረብላቸው፤ የምግብ ፍላጎት የጠፋበትን ሰው በሙሉ ሳሕን ማስጨነቅ አይገባም። ጾም በዚህ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ለምእመናን የተወሰነው የጾም ቀን በዓመት 180 ቀን ገደማ ስለ ሆነ፣ ቀጠሮው በአንዱ ጾም ላይ መዋሉ አይቀርም፤ ለሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን አለ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙማን ይፈቅዳሉ፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱን ልጅ ቢናገረው ሽማግሌው ሰው አይሰሙም፤ ልጅ ለሥጋቸው እንጂ ለነፍሳቸው የተሾመ አይደለምና። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን ወደ ቤት ጠርቶ፣ ነገሩን ገልጦ፣ ቃሉ ከእነርሱ አፍ እንዲወጣ ማድረግ ከልጅ ልመና ሁሉ የበለጠ ይሠራል።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ከጸበልና ከሕክምና አንዱን እንዲመርጥ የተገደደ በሽተኛ ሁለቱንም ያጣል፤ ማስገደዱም አስፈላጊ አይደለም። መጠንቀቅ የሚገባው በጥቂት ነገር ነው፤ በብርድ ማለዳ የሚደረግ ጥምቀት ለደከመ በሽተኛ አይበጅም፤ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ወይም ወደ ሩቅ ገዳም የሚደረግ አድካሚ ጕዞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም፤ በቀዶ ጥገናው ዕለት ደግሞ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ምግብ፣ ሁለት ሰዓት ውሃም ቢሆን ስለማይወሰድ፣ በዚያን ጧት ጸበል መጠጣት ቀዶ ጥገናውን ሊያሰርዝ ይችላል። ወተት በዚህ ሕግ እንደ ምግብ ይቈጠራል። የሐበሻ መድኃኒትም፣ ደም የሚያቀጥን የፈረንጅ ክኒንም የሚወስዱ እንደ ሆነ ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገር።

ጠያቂን እንዴት እንደምናደርገው አላውቅም ልል ነበር፤ ነገር ግን መላ አለው። ታማሚን መጠየቅ ከመልካም ሥራችን ሁሉ የላቀው ነው፤ ብቻውን የሚታመም ሰው በባሌ የለም። ሆኖም ከሃምሳ ጠያቂ አንዱ ጕንፋን ይዞት መምጣቱ አይቀርም፤ ከቀዶ ጥገና በፊት ጕንፋን የያዘው በሽተኛ ቀጠሮው ይተላለፍበታል፤ የተላለፈ ቀጠሮም እንደ ገና ወረፋ ነው። ከዚህም ሌላ ጠያቂ ሁሉ ሲቀመጥ «እገሌም በዚሁ ሞተ» ማለትን ይወዳል። ስለዚህ የዕድሩ ዳኛ ወይም የጎረቤት ሽማግሌ፣ ከልጆች ይልቅ የሚደመጥ ሰው፣ «የሚያስል ሰው ከደጅ ሆኖ ይጠይቅ፣ ሌላውም ቶሎ ይነሣ» ብሎ ቢያስታውቅ ማንም አይቀየምም።

በዚህ አገር ቀጠሮን ከሚያስተላልፉት ነገሮች ግን እንደ አዝመራ ያለ የለም። አንድ የሲናና ገበሬ እንበል፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ሐኪሙ የሰጠው ቀን ከመኸሩ ጋር ገጥሟል፤ «አዝመራው ይግባ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ይላል። ልጆቹ «ከስንዴው ነፍስዎ አይበልጥም ወይ» ቢሉት ነገሩን አልተረዱትም፤ ያ ሰው እያሰበ ያለው ስለ ስንዴ ሳይሆን ቢሞት ስለሚተወው ቤት ነው። ስለዚህ መልሱ ክርክር አይደለም፤ ኮምባይነሩን ማን እንደሚከራይ፣ ማን ቆሞ እንደሚያስጭን፣ ጆንያው የት እንደሚከማች፣ የማዳበሪያው ዕዳ ከየትኛው ሽያጭ እንደሚከፈል እርሱ ራሱ ተናግሮ፣ ልጆቹ በፊቱ ጽፈው፣ ለዚያ የሚበቃ ሰው በስሙ ተሰይሞ ሲያይ፣ ያን ጊዜ ይሄዳል።

ስለ ወረቀት አጭር ልበል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ሰው ሪፈሩን ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በደረጃው ተከትሎ ካልያዘ፣ መድኑ ሊከፍል የሚችለውን ራሱ ይከፍላል፤ የትኛው ሆስፒታል ከመድኑ ጋር ውል እንዳለው ከጕዞው በፊት ይጠየቅ። የሲቲ ስካኑ ፊልምና የናሙናው ውጤት በአንድ ላስቲክ ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ደም የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ለጋሾች ከ18 ዓመት በላይ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሆኑ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ያልሰጡ ሰዎች ይሁኑ። በአዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው ምክር ቢፈልግ፣ በደም ካንሰር የሞተባቸውን ልጃቸውን ለማሰብ ወላጆቹ በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፤ ልጃቸውን ያስታመሙ ሰዎች የተከሉት ስለ ሆነ የአስታማሚን ድካም ከመጽሐፍ የተማሩት አይደለም።

እንግዲህ ወደ መቃብሩ ቦታ፣ ማለትም ወደ እውነቱ ልመለስ፤ የመጣሁበትም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

በእኛ ባህል ክፉ ዜና ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም። መርዶ እንኳ ሰዓት ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ ይነገራል፤ ይህም ጥበብ ያለበት ልማድ ነው። ይሁን እንጂ መርዶ በመጨረሻው ይነገራል እንጂ አይቀርም፤ ካንሰርን በተመለከተ ግን ልማዱ ተለውጦ ጨርሶ የማይነገር ሆኗል። ሐኪሙ ልጁን ወደ ውጭ ይጠራል፤ ልጁ ወንድሞቹን ይጠራል፤ በአሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድም በስልክ «ለአባባ እንዳትነግሩ፣ ልባቸው አይችልም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ በሽተኛው «ትንሽ ቍስል ናት፣ ትወጣለች» ተብሎ አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጓዛል። ከሩቅ የሚከፍለው ልጅ ከሩቅ ማዘዙ ያለ ነው፤ ገንዘቡ ግን የአባትን ጆሮ የመዝጋት ሥልጣን አይሰጠውም። አባትዮው ደግሞ ሞኝ አይደሉም፤ ልጆች በር ዘግተው ሲያለቅሱ ይሰማሉ፤ ያለ ወትሮው በግ ሲታረድላቸው ያያሉ፤ ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ያላወቁ ይመስላሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን ሁሉም ሲደብቅ፣ እጅግ የሚፈራው ሰው ፍርሃቱን የሚነግረው ያጣል።

ይህ የድኻ አገር ልማድ ብቻ አይምሰላችሁ። በመስከረም 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በለንደን በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ አዳራሽ የቀዶ ጥገና ክፍል ሆኖ፣ ክሌመንት ፕራይስ ቶማስ የተባሉት ሐኪም የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን ግራ ሳንባ አወጡ። ለሕዝቡ በሳንባቸው ላይ አንዳች የአወቃቀር ለውጥ ታይቷል ተባለ፤ ካንሰር የሚለው ቃል አልተጠራም፤ ንጉሡም ራሳቸው እንዳልተነገራቸው የሕይወት ታሪካቸውን የመረመሩ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ልጃቸው ኤልሳቤጥ የካናዳ ጕዞዋን በቀዶ ጥገናው ምክንያት ጥቂት አዘግይታ ሄደች፤ ተመልሳም ወደ ኬንያ ተላከች፤ በጥር 28 ቀን 1944 ዓ.ም. ንጉሡ በተኙበት ሲሞቱ እርሷ በኬንያ ነበረች። ልባቸው ባይደክም ምን ያህል ይቈዩ እንደ ነበር መናገር አይቻልም፤ ነገር ግን ስለ ራሱ ሥጋ ከሐኪሞቹና ከሎሌዎቹ ያነሰ የሚያውቅ ንጉሥ፣ ለልጁ ሊነግራት የሚገባውን ቃል የሚመርጥበትን ጊዜ ተነፍጓል። ያው ሐኪም ፕራይስ ቶማስም በኋላ ዘመን ያው በሽታ ያዛቸው፤ ደቀ መዛሙርታቸው ቀዶ ጥገና አድርገውላቸው ብዙ ዓመት ኖሩ። ለእርሳቸው ግን «የአወቃቀር ለውጥ ነው» ብሎ የሚሸፍን ሐኪም አልተገኘም፤ ከቶስ ማን ይደፍራል!

በእኛ አገር ሕግም ቢሆን ነገሩ ግልጥ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጽ ሰው ምርመራንም ሕክምናንም አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ምን እንደሚደረግበት ያላወቀ ሰው ግን እሺም እምቢም ሊል አይችልም፤ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ የሚያደርገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ከንቱ ምልክት ይሆናል። ከሕጉም በፊት አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ እኛ ግን በሽታውን ከበሽተኛው ሸሽገን መድኃኒቱን እንፈልጋለን።

ይህን ስል ልጅ አባቱን አስቀምጦ የስንት ሰው ሞት በመቶኛ ያንብብላቸው ማለቴ አይደለም። እውነት የሚነገርበት ሥርዐት አለው። አስቀድሞ ይጠየቁ፤ «አባባ፣ ሐኪሙ ያገኘውን ሁሉ ራሱ ይንገርዎ ወይስ ለእኛ ነግሮን እኛ እናስረዳዎ?» ቢባሉ፣ አንዳንዱ «ራሱ ይንገረኝ» ይላል፤ አንዳንዱ «ለታላቁ ልጄ ንገሩት፣ እኔ ጸሎቴን ላድርግ» ይላል። ሁለተኛውም መልስ የተከበረ ነው፤ ሰው እንዳያውቅ ራሱ ሲመርጥና ሌላው ሲመርጥለት በመካከሉ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የሚነገርበትም ቋንቋ ይታሰብበት፤ ብዙዎቹ የባሌ ሽማግሌዎች አማርኛን ለገበያ ያህል ቢያውቁም ልባቸው የሚሰማው በኦሮምኛ ነውና፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ቋንቋውን የሚያስረዳ ሰው አብሯቸው ይግባ፤ አስተርጓሚውም የተባለውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ይናገር። ብዙ እውነት የሚጠፋው በዚህ ትርጓሜ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ የተናገረውን ልጁ «ደኅና ነው ይላል» ብሎ ይጨርሰዋል።

አውቀው ሲናገሩም ይደመጡ። «የዚያችን መሬት ነገር…» ብለው ሲጀምሩ «ተዉ እባክዎ፣ ምን ሟርት ነው» ብሎ ማቋረጥ ከአፋቸው ኑዛዜ ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም ይነጥቃል። ማን ያበደራቸው፣ ለማን ያበደሩ፣ ከማን ጋር የተቀያየሙ፣ ማንን ይቅርታ ሊጠይቁ የሚሹ እንደ ሆነ ይናገሩ፤ የተቀየሙት ጎረቤት ቢጠራ ይጠራ። እንደሚድኑ የምናምን ከሆነ ደግሞ ኑዛዜያቸው ምን ያስፈራናል? ኑዛዜ ተናግሮ የተነሣ ሰው ቃሉን ይለውጠዋል እንጂ ቃሉ አይገድለውም። ከኑዛዜውም ማግሥት ስለሚመጣው በልግ ዘር፣ ስለ ልጅቱ ሠርግ፣ ስለሚጠገነው ጣራ ይጠየቁ። የጊልሞር ጥርስ ማለት ይህ ነው።

የቀረኝ ስለ ከፍታችን ነው። የምንኖርበት ምድር አየሩ ስስ ነው፤ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ለቈላ ሰው ከሚያሳየው ጥቂት ዝቅ ቢል ልጅ አይደንግጥ፤ ቍጥሩ ለየትኛው ከፍታ እንደ ሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። አዲስ አበባም ከሮቤ ብዙ የማታንስ ከፍታ ስላላት መሄዱ በአየር በኩል አያስቸግርም፤ በአውሮፕላን ለሚሄድም የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከሮቤ አየር አይሳሳም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ሌላ ነው፤ በደረት ውስጥ የቀረ አየር ካለ በአውሮፕላን መብረር አደገኛ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቲኬት አይቈረጥ።

ከደሎ መና ለመጡት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ። ከመና ወደ ጎባ የሚወጣው መንገድ የሐረናን ደን አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ይሻገራል፤ በዚያ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 60 ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሳንባ ሙሉ ያለው ሰው እንኳ በዚያ አምባ ላይ መኪናው ቆሞ ጥቂት ቢራመድ ልቡ ይመታል። የሳንባው አንዱ ክፍል የወጣለት ሰው ቍስሉ ገና ሳይደርቅ በዚያ መሻገሩ ተገቢ መሆኑና አለመሆኑ፣ ወይም ጥቂት ሳምንት በሮቤ በዘመድ ቤት ቈይቶ መሄዱ የሚሻል መሆኑ የሚወሰነው በሐኪሙ ቃል ነው፤ የአዲስ አበባ ሐኪም ግን ሳነቴን ላያውቀው ይችላልና፣ ታካሚው ራሳቸው «ቤቴ ከዚያ ማዶ ነው፣ ከፍታውም ይህን ያህል ነው፣ መቼ ልሻገር?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር በወረቀት ተጽፎ ከሲቲ ስካኑ ፊልም ጋር በዚያው ላስቲክ ውስጥ ይግባ።